አንድ ከረጢት ጨምሩበት

የ7 ቀኑ የኪዩብ ውጤት (የኮንክሪት ናሙናው ተጨምቆ የተለካ ጥንካሬ) ከላብራቶሪ ሲመጣ ሳይቱ ላይ መፍትሔ የሌለው ሰው ጠፋ። ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገነባ ጂ+4 ሕንፃ ነው። መሠረቱን የሞላነው በፒፒሲ፣ ማለትም ፑሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነበር። ኮንክሪቱ ሲ-25፣ ማለትም በ28 ቀን 25 ሜጋፓስካል ጥንካሬ የሚጠበቅበት ቢሆንም ውጤቱ የዚያን ግማሽ እንኳ በቅጡ አልደረሰም። ባለቤቱ «ሊፈርስ ነው ወይ?» ብለው ደወሉ። ኮንትራክተሩ ጥፋቱን ሁሉ በሲሚንቶው ላይ ደፈደፈው። «ድሮም ፒፒሲ ለልስን ነው» አለ።

ፎርማናችን በሥራው ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ? በየቡኮው አንድ ከረጢት ጨምሩበትና እንገላገል» አሉኝ።

ይቺን «አንድ ከረጢት» የማትሰማበት ሳይት ያለ አይመስለኝም። ማንም የማይቆጣጠራት መድኃኒት ናት። ለኔ ግን ነገሩ የብር ብቻ አይደለም። የሲሚንቶ ዋናው አካል ክሊንከር ነው። እሱ የሚገኘው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ነው። ከነዳጁ የሚወጣው ጭስ አለ። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብናሞቀው እንኳ ድንጋዩ ያንን ጋዝ መልቀቁ አይቀርም። አንድ የ50 ኪሎ የኦፒሲ (ፑሚስ ያልገባበት መደበኛ ሲሚንቶ) ከረጢት እኛ ጋ እስኪደርስ 40 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥቷል። ፒፒሲ የሚሻለው የክሊንከሩን የተወሰነ ክፍል በፑሚስ ስለሚተካ ነው። ፑሚሱን እሳተ ገሞራ አብስሎ ጨርሶታል፤ ስምጥ ሸለቆአችንም ሞልቶታል።

ከረጢት ከመጨመራችን በፊት ሚክሰሩ አጠገብ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ሌሊት ዘንቦ አሸዋው ውሃ ጠጥቷል። ውሃው ግን አሸዋው ደረቅ በነበረበት ጊዜ እንደነበረው፣ በዚያው ባልዲ ልክ ይገባል። ባሬላ የሚገፉት ልጆች ደግሞ «ቀጠን አድርገው!» ይላሉ፤ ሲቀጥን ለመድፋት ይቀላላ። አልፈርድባቸውም፣ ቀኑን ሙሉ የሚገፉት እነሱ ናቸው። የአሸዋው መለኪያ ሣጥን አንዴ ሞልቶ ይከመራል፣ አንዴ ይጎድላል። ናሙናዎቹን ስፈልግ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸው። በውሃ በርሜል ውስጥ መቀመጥ ሲገባቸው ፀሐይ ላይ ደርቀው ነበር።

ለፒፒሲ ከዚህ የባሰ አያያዝ የለም። ፑሚስ ብቻውን አይጠነክርም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይፈጠራል፤ ፑሚሱ ከዚያ ኖራ ጋር ቀስ እያለ እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው። ለዚህ ጊዜና እርጥበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በ7 ቀን ከኦፒሲ ወደኋላ ይቀራል፣ በ28 ቀን ይጠጋዋል፣ ከዚያም በኋላ መጠንከሩን አያቆምም።

ፎርማኑን ጋሼን በሜጋፓስካል ላሳምን ሞክሬ አልሆነልኝም። በኋላ የጥበቃ ቤቱን ግድግዳ አሳየኋቸው። የባህር ዛፍ ማገር ላይ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ የተለጠፈ ጭቃ ነው፤ ያስለጠፉትም ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ ጭዱ እንደገባበት ወዲያው ቢለጠፍ ምን ይሆን ነበር?»

«ይሰነጠቃላ! ሳይቦካ ማን ይለጥፋል?»

«ታዲያ ይሄኛውንስ ምን አስቸኮለን?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «በይ እሺ፣ በርሜሉ የት ይቀመጥ?» አሉኝ።

በነገራችን ላይ ከግቢው ሁሉ ትንሹን ካርቦን ያስወጣው ያ ጭቃ ቤት ነው። ጭዱም ማገሩም ሲያድጉ ካርቦን ከአየር የወሰዱ ናቸው፤ ቤቱ እስከቆመ ድረስም ይዘውት ይቆያሉ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የምናፈርሰው እሱን ነው።

የቀሩትን ናሙናዎች በርሜል ውስጥ ከተትናቸው። መሠረቱን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ጀመርን። የ28 ቀኑ ውጤት 25 ሜጋፓስካልን ለጥቂት አለፈ። ባለቤቱ ተነፈሱ፤ እኔ ግን «ለጥቂት» የሚለው ነገር አልተመቸኝም። ለቀጣዩ ሙሌት ጋሼ የአሸዋውን ሣጥን በጣውላ እየላጉ ያስለኩ ጀመር። አሸዋው እርጥብ ሲሆን ውሃ ይቀንሳሉ፤ «ቀጠን አድርገው» የሚለውንም ልጅ ይቆጡታል። የዚያኛው ውጤት አንድም ከረጢት ሳይጨመር በደንብ ከፍ ብሎ መጣ።

ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ ስንደርስ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ከሥሩ የሚቆመው ድጋፍ በኪራይ ነው። ኮንትራክተሩ ቶሎ ፈትቶ ላይኛው ወለል ላይ ሊያቆመው ይፈልጋል። በፒፒሲ ከሞላነው ደግሞ ድጋፉ ከለመደው በላይ መቆየት አለበት። በመጨረሻ ሶሌታው በኦፒሲ፣ የምድር ቤቱ ወለልና ቶሎ መፈታት የማያስፈልገው ሥራ ሁሉ በፒፒሲ እንዲሆን ከኮንሰልታንቱ ጋር ተስማማን። እኔ ሁሉም በፒፒሲ ቢሆን እመርጥ ነበር። የተጨማሪውን ሳምንት ኪራይ ማን ይክፈል ሲባል ግን ባለቤቱም ኮንትራክተሩም ወደኔ ዞሩ።