ካርዱ እዚሁ ይቀመጥልኝ

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን። ጤና ኬላው እንደዛሬ የሚጨናነቅበት ቀን የለም። ሴቶቹ ቅቤና እንቁላላቸውን ሸጠው፣ ጨው ሸምተው፣ በዚያው ብቅ ይላሉ። ባል የት ቆየሽ ቢል መልሱ ያው ገበያ ነው። የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ይወጉና ካርዱን ቤት አይወስዱትም። «እታለም፣ እዚሁ ይቀመጥልኝ» ይሏታል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን። መሳቢያዋ በካርድ ጢም ብሏል።

ዲፖ የሚባለው ይህ መርፌ በገጠር ለምን እንደተወደደ ያ መሳቢያ ይናገራል። በ3 ወር አንዴ ነው፣ ምልክትም አይተውም። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ 3 ዓመት ያገለግላል፤ ግን እጅ ካረፈበት ይታወቃል።

ዛሬ አንዲት እናት የክንዱን አውጡልኝ ብላ መጣች። ዓመት እንኳ አልሞላውም። አመመሽ? አላመመኝም። ባልሽ ተቆጣ? ኧረ እሱስ ያውቃል። ብዙ ቆይታ ነው የተናገረችው። ጠብ ጠብ የሚለው ደም አልቆም ብሏት ከፋሲካ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። «ለኪዳነ ምሕረት እንኳ ከደጅ ተሳልሜ ተመለስኩ። ሰዉ ምን ሆና ነው እያለ ነው።»

ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት «መጠነኛ የደም መፍሰስ ሊኖር ይችላል፣ አያስጋም» ይላል። እኛን አያስጋንም። ይህን ያዘጋጀ ሰው አንዲት የገጠር ሴት እሑድን የት እንደምታሳልፍ አስቦ ይሆን? እንጃ።

በዲፖ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ወር አበባ ሲቀር «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው ይጨነቃሉ። መድኃኒቱ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈስ ደም እንደማይኖር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ሲያገኙ፣ አብዛኞቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ትምህርቱ ሁሉ ለሴት ነው። ኤክስቴንሽኖቹ ሴቶች መሆናቸው ጓዳ ድረስ አስገብቷቸዋል፣ ጥሩ። ወንዱንስ ማን ያናግረው? ጨብጥ ይዟት የመጣች ሴት እኛ ብናክማት፣ ባሏ ካልታከመ መልሶ ይይዛታል። እኛ «ንገሪውና ይምጣ» ብለን እንሸኛታለን። ለአፍ ይቀላል! ከማን አመጣሽው ተብላ የምትደበደበው እሷ ናት።

ለዛሬዋ እናት ደሙን የሚያቆም ኪኒን ለጊዜው መሞከር እንደሚቻል ነገርኳት። አልፈለገችም፤ መብቷ ነው። ግን ኤክስቴንሽኗ የሠለጠነችው ለመቅበር እንጂ ለማውጣት አይደለም፤ እኛ ጤና ጣቢያ ድረስ መምጣት አለባት። ረቡዕ በበቅሎ የሚያመጣት ባሏ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ባልየው በቅሎውን ይዞ ውጭ እንዲጠብቅ አላደርግም። ጠየቅኋት፣ ይግባ ብላለች። ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ቀጥሎ ምን እንደሚሻላቸው እናወራለን።