«ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት

«ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ?» የተባለች ሠራተኛ ወይ «ኮምፒውተር» ትላለች፣ ወይ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብላ ዝም ትላለች። እኛ አገር ሥልጠና ሲነሣ አዳራሽ፣ አበል፣ ሻይ ቡናና ሰርተፍኬት አብረው ይነሣሉ፤ ጥያቄው ሥራዋን ሳይሆን እነዚህን ነው የሚያስታውሳት። በእሷ መፍረድ አይገባም። ሰው የማያውቀውን ነገር በስሙ ጠርቶ ሊጠይቅ አይችልም፤ በደንብ የሚያውቀው ሥራው የት ጋ እንደሚይዘው ነው። ስለዚህ የሥልጠና ፍላጎትን ለማወቅ የምናደርገው ቃለ መጠይቅ ስለ ሥራዋ ይሁን። ሥልጠና ያስፈልጋል ወይስ ሌላ ነገር የሚለው፣ ሰምተን ከጨረስን በኋላ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ነገሩን ለመጨበጥ እንዲመች ሀዋሳ ወይም ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እንደምናየው ያለ፣ 30 ሰፊዎች ያሉበት አንድ የሸሚዝ ማምረቻ መስመር እንውሰድ።

ከሰው በፊት መዝገብ ይቅደም። የጥራት ተቆጣጣሪዎች የሞሉትን ያለፉትን 4 ሳምንታት የጉድለት መዝገብ አውጡና የትኛው ጉድለት፣ የትኛው ስፌት ላይ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ እዩ። ከዚያ ውስጥ ቢበዛ 3 ጉድለት ምረጡ። ይህን ሳትይዙ ከገባችሁ ውይይቱ ወደ ካፍቴሪያው ምግብና ወደ ሰርቪሱ ይሄዳል። እነሱም መሰማት አለባቸው፤ ግን ሌላ መድረክ ይፈልጋሉ።

ከ30ው ውስጥ 8 ሰው ይበቃል፦ 3 ጎበዞች፣ 3 መካከለኞች፣ 2 አዲሶች። በዚህ ላይ መካኒኩን፣ አንድ ተቆጣጣሪና የመስመሩን ሱፐርቫይዘር ጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ደካሞቹ ብቻ ናቸው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ የትም ያልተጻፈውን የእጅ ብልሃት የያዙት ጎበዞቹ ናቸውና። አዲሶቹን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ሙከራ ላይ ያለች ልጅ «ይህን አልችልም» ካለች እንጀራዋን የምታጣ ይመስላታል። ቢቻል ሙከራውን ከጨረሱት ምረጡ፤ ካልተቻለ ቅጥርና ምዘና ውስጥ እጁ የሌለበት ሰው ይጠይቃት።

ለአንድ ሰው 30 ደቂቃ ያዙ። ይህ ሰዓት ከኮታዋ አስቀድሞ መቀነስ አለበት። በሰዓት 60 ፍሬ የሚጠበቅባት ከሆነ የዚያን ቀን ኮታዋ በ30 ፍሬ እንደሚያንስ ለሱፐርቫይዘሩ በጽሑፍ ይነገር፣ እሷም ትወቀው። ቦነሷ እየተቆረጠ የምታወራ ሰው ዓይኗ ከማሽኗ አይነቀልም። ቦታውም ከሰው ሀብት ቢሮ ውጪ ይሁን፤ እዚያ የምትጠራው ለማስጠንቀቂያ ነው። ቋንቋም እንዲሁ፦ ሀዋሳ ላይ አፏን በሲዳምኛ የፈታችውን በአማርኛ ብቻ ከጠየቃችሁ አጭሩን መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት ማሽኗ አጠገብ 10 ደቂቃ ቆማችሁ እጇን እዩ። ከዚያ ለምን እንደመጣችሁ፣ ስሟ እንደማይጻፍና የምትለውን ሱፐርቫይዘሯ እንደማያየው ንገሯት። ሥልጠና ይመጣል ብላችሁ ቃል አትግቡ።

የጥያቄዎቹ ሁሉ ዋና ስለ አንድ የተወሰነ ክስተት የሚጠይቀው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናገን በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ሥሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይሉ ውስጥ ከተሠራው የአብራሪዎች ጥናት ይመዘዛል። «ብዙ ጊዜ ምን ይቸግርሻል?» ሲባል ሰው አስተያየት ይሰጣል። «በቅርቡ የገጠመሽ የትኛው ነው?» ሲባል ግን የሆነውን ይተርካል፦

«እህቴ፣ በቅርቡ ተመልሶብሽ ፈትተሽ የሰፋሽው የትኛውን ነው?»
«ትናንት ከሰዓት። የጎን ስፌት ነው፣ ስፌቱ ዘለለ።»
«መጀመሪያ ምን አየሽ?»
«እኔ አላየሁም፤ ተቆጣጣሪዋ ናት ያመጣችልኝ። ማሽኑ ነው።»
«ከዚያስ ምን አደረግሽ?»
«መርፌ ቀየርኩ፤ እንደገና ዘለለ። መካኒክ ጠራሁ።»
«እስኪ መርፌ ስትቀይሪ አሳዪኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ መጠይቅ ትበልጣለች። በነጠላ መርፌው የኢንዱስትሪ ማሽን ላይ የመርፌው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ መዞር፣ መርፌውም የመያዣውን ቀዳዳ መጨረሻ እስኪነካ ወደ ላይ መገፋት አለበት። ትንሽ ከዞረ ወይም ዝቅ ካለ ከሥር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ክሩን ሳይዘው ያልፋል፤ ስፌት ይዘላል። ልጅቱ አዙራ ካስገባችው የጎደላት እውቀት ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ማሽኑ ላይ 15 ደቂቃ ማሳየት ነው፣ የሦስት ቀን አዳራሽ አያሻም። በትክክል አስገብታው ስፌቱ ግን ከዘለለ የመንጠቆው ጊዜ አጠባበቅ ተዛብቶ ሊሆን ይችላልና ጉዳዩ የመካኒኩ ነው።

ሦስተኛም ምክንያት ሊኖር ይችላል። የተሰበረ መርፌ ስብርባሪው ሁሉ ተሰብስቦ፣ መዝገብ ላይ ተለጥፎ ነው አዲሱ የሚሰጠው፤ ልብሱ ውስጥ ብረት እንዳይቀር። ትክክለኛ ሕግ ነው። ግን መርፌው ያለው አዳራሹ ማዶ ስቶር ውስጥ ከሆነና ሰልፉ 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ ኮታ ያለባት ልጅ በደነዘዘና በጎበጠ መርፌ መስፋቷን ትቀጥላለች። እሷን መቶ ጊዜ ማሠልጠን ይህን አይፈታውም። ለዚህ ነው «ለምን ቶሎ አልቀየርሽውም?» ከማለት ይልቅ «አዲስ መርፌ እጅሽ እስኪገባ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ?» ማለት የሚሻለው። «ለምን» ሲባል ሰው መከላከል ይጀምራል።

ይሉኝታን ለማለፍ ደግሞ ይህን የመሰለ ጥያቄ የለም፦ «አዲስ ልጅ አጠገብሽ ብትቀመጥ መጀመሪያ የምትሳሳተው የት ላይ ነው?» ስለ ራሷ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለችው ልጅ ስለ አዲሷ ስትጠየቅ አንገትጌ ሲዞር ጨርቁ እንደሚጨማደድ፣ ቦቢን (የታችኛው ክር መጠቅለያ) ሲያልቅ ሳይታወቅ ባዶውን እንደሚሰፋ ታወራለች። ከዚያ «ላንቺስ ይህን ማን አሳየሽ?» በሉ። «ማንም፤ እያየሁ ለመድኩ» የሚለው መልስ ሲደጋገም ትልቅ ግኝት ነው። እሷ ዝም ስትል አምስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ክፍተቱን በራሳችሁ ቃል አትሙሉት።

ሱፐርቫይዘሩ ጋ ስትደርሱ «የአመለካከት ችግር ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። እሱን እንዳለ አትጻፉት። «አመለካከት ስትል ምን ሲያደርጉ አይተህ ነው?» ብላችሁ ወደ ድርጊት አውርዱት። «አዲስ ሥራ ሳሳያት አትሰማም» ካለ እንዴት እንደሚያሳይ ጠይቁት። ፈጣን ሰፊ ስለነበረ አለቃ የሆነ፣ ማሳየትን ግን ማንም ያላስተማረው ሰው ብዙ ነው፤ በመስመሩ ላይ ቀዳሚው የሥልጠና ፍላጎት የእሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በስልክ አትቅዱ፤ ድምፅ እየተቀዳ ማንም አለቃውን አያነሣም። በእጅ ጻፉና መጨረሻ ላይ አንብቡላት፤ «እንደዚህ አላልኩም» ብላ የምታርመው ነገር ዋጋ አለው። በዚያው ቀን ማታ እያንዳንዱን ችግር ከአራት ክፍል በአንዱ አስቀምጡ፦ አለማወቅ፣ መሣሪያና ዕቃ፣ አሠራር፣ ኮታና ክፍያ። መለያው ቀላል ነው። ጠዋት በትክክል የሰፋችውን ከሰዓት ካበላሸች ታውቀዋለች ማለት ነው፤ ድካም ወይም ኮታ ይፈለግ። አንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚሳሳት ከሆነ ማሽኑ ይታይ። አዲሶቹ ብቻ የሚሳሳቱ ከሆነ ሥልጠና ነው። ከሠራተኛ፣ ከመካኒክና ከተቆጣጣሪ ለየብቻ የተሰማ ነገር ሚዛን ይደፋል፤ አንድ ሰው ብቻ ያለውን ከጉድለት መዝገቡ ጋር አስተያዩ።

ከ2 ሳምንት ሳይበልጥ ወደ መስመሩ ተመለሱና ሥራ ሲጀመር ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ 5 ደቂቃ ንገሯቸው፦ ከሰኞ ጀምሮ መርፌ መለወጫው እዚሁ መስመሩ ጫፍ ላይ ይሆናል፤ ለ4 ሰዎች የአንገትጌ ስፌት ማክሰኞ ጠዋት በየማሽናቸው ይታያል፤ የሙቀቱን ጉዳይ ለጥገና ክፍል አቅርበናል፣ መልስ ገና አልመጣም። መልስ ያልመጣለትንም ሳትዝለሉ ተናገሩ፤ ያነሣችው ልጅ እዚያው ቆማ እየሰማች ነው።