ምጣዱ አልሞቀም

ቱሉ ዲምቱ ከተከራየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ ምጣዱም አንድ። የአከራያችን የእማማ ምጣድ ነው፣ ግቢው በሙሉ በተራ ይጋግርበታል።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ከማድ ቤት ወጡና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ምጣድ ጨረሰኝ እኮ" አሉኝ። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ገርጥቶ ሸክላው ላይ ይጣበቃል። ጠጋኝ ጠርተው ነበር። እሱም ምጣዱን ገልብጦ አየና "ሽቦው ደክሟል፣ ትንሽ ቆርጠን እናሳጥረው" ብሎ ዋጋውን ነግሯቸው ሄዷል።

ሽቦ ሲያረጅ ይሳሳል፣ ሬዚስታንሱም (ከረንቱን የሚያግድበት ልክ) ይጨምራል፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ሳይለኩ መቁረጥ አይዋጥልኝም። ቴክኒክና ሙያ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ ዛሬ የምበላው በሌላ ሥራ ቢሆንም እጄ አልረሳም። ከጓደኛዬ ክላምፕ ሜትር (ሽቦን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ተዋስኩና ምጣዱን ሰክተን ጠበቅን።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ክላምፑን በሙሉ ገመዱ ላይ አቀፍኩት፤ 0 አለኝ። እማማ በላዬ ቆመው እያዩኝ ነው። ገመዱ ውስጥ ፌዙ ከረንቱን ይዞ ይሄዳል፣ ኒውትራሉ ይዞት ይመለሳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፍካቸው ይጣፋሉ። አንዱን ብቻ ነው ማቀፍ። ብሬከሩን አጥፍቼ ፌዙን ለየሁትና እንደገና አበራሁ፤ 13.5 አምፒር። ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልት ደግሞ 186።

ከዚህ በኋላ ያለው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቮልቱን ለአምፒሩ ስታካፍለው ሬዚስታንሱ ይመጣል፣ ስታባዛቸው ዋቱ። 186 ለ13.5 ሲካፈል 13.8 ኦም ገደማ፤ ሲባዛ 2,511 ዋት። 13.8 ኦም ያለው ምጣድ 220 ቮልት ቢያገኝ ኖሮ ወደ 3,500 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ለምጣድ ደህና ጉልበት ነው። ስለዚህ ሽቦው አልደከመም። ምጣዱ ራሱ ምግብ አልደረሰውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 186 ወረደ ማለት 15 ከመቶ ብቻ ቀነሰ ማለት ነው፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስላል። ግን ሬዚስታንሱ ባለበት ስለቆመ ቮልቱ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፤ ሁለት የቀነሱ ቁጥሮች ሲባዙ ዋቱ 28 ከመቶ ያህል ይሄዳል። (ይሄ ለምጣድ ነው። ፍሪጅ ላይ እንዳትሞክሩት፤ ሞተር ሌላ ጠባይ አለው፣ ቮልት ሲያንሰው ጭራሽ ብዙ ከረንት ሊስብ ይችላል።)

ታዲያ ቮልቱ የት ቀረ? ምጣዱ እንደበራ በሩ አጠገብ ወዳለው ቆጣሪ ሄድኩ። እዚያ 206 ነው። ከ220 በታች መሆኑ የመንደሩ መስመር ጉዳይ ነው፣ እሱን እኔ አልችለውም። ግን ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ 20 ቮልት ጠፍቷል። 20 ለ13.5 ሲካፈል 1.5 ኦም ገደማ። 20 በ13.5 ሲባዛ ደግሞ 270 ዋት፤ መንገድ ላይ የሚቀር። ይሄ ሁሉ ቆጣሪውን አልፎ ነው የሚባክነው፣ ማለትም ሂሳቡን እኛ እየከፈልንለት ነው።

ሽቦውን ተከትዬ በእርምጃ ለካሁት፤ 40 ሜትር አካባቢ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ። ሄዶ ሲመለስ 80 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.017 ኦም ገደማ ስላለው፣ 80ን በ0.017 አባዝቼ ለ1.5 ሳካፍለው 0.9 ኦም መጣ። የቀረውስ 0.6?

ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሥር አገኘሁት። የሆነ ዘመን የሆነ ሰው ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ የጠቀለለው ቅጥያ። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ናስትሮውን ስነካው እንደ ከሰል ተፈረፈረ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል፣ ከበላዩ ያለው ማገር እንኳ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። 0.6 ኦም በ13.5፣ እንደገና በ13.5 ሲባዛ 109 ዋት ነው። በድሮው የ100 ዋት አምፖል አስቡት፤ ያን ሁሉ ሙቀት አውራ ጣት በምታክል ቦታ፣ ከእንጨት ሥር፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር።

የጠጋኙ መላ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሽቦውን አሳጥሮ 13.8ን 11 ኦም ቢያደርገው ከረንቱ ወደ 16.5 አምፒር ይወጣ ነበር። ምጣዱ ትንሽ ይሞቃል፣ እማማም ይመርቁታል። ያ ቅጥያ ግን ከ160 ዋት በላይ ይሆናል።

ባለ 4 ሽቦ ገዝተን ከብሬከሩ እስከ ማድ ቤቱ ያለ ምንም ቅጥያ ዘረጋን። በማግስቱ ለካሁ፤ ሶኬቱ ላይ 201 ቮልት፣ 14.6 አምፒር። አባዙት፣ 2,900 ዋት አለፈ። እማማ ቁጥሩን ስነግራቸው "እሱን ተወው፣ ሊጡን አምጡልኝ" አሉና ምጣዱን አሰሱት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ከሥራቸው አረሩ። አክንባሎውን ደፍተው በድሮው ልክ ነበር የጠበቁት።