ለንደን ውስጥ በነጻ ካየሁት ሁሉ

ለስልጠና ሄጄ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለት ቀን ጨምሬ ለንደን ቀረሁ፣ ኪሴ ውስጥ የተረፈችው ግን ከምግብ የማታልፍ ነበረች፣ ስለዚህ ሳይከፈልበት የሚታይ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት አይነሳ። ያደርኩት ርካሽ ማደሪያ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አስር ሰው፣ ከላዬ የተኛው ሰውዬ እስኪነጋ ያንኮራፋል፣ መስኮቱ ደግሞ አይዘጋም። ማታ ዘመድ ጋ ስለማድር ጠዋት ሻንጣዬን እስከዛ ላስቀምጥ ስል 8 ፓውንድ ክፈል አሉኝ። ለሻንጣ! እኛ ሀገር ትንሿ ፔንሲዮን እንኳን "እዚያ ጥግ አርጋት" ነው የምትልህ። ከፍዬ ወጣሁ ግን ንዴቱ እስከ ምሳ አልለቀቀኝም።

አውቶብሱ ደስ ይላል። እኔ ስሄድ 1.75 ፓውንድ ነበር፣ አንዴ ካርድህን ካስነካህ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለግከውን ያህል ብትቀያይር ሌላ አይቆርጥብህም፣ ፎቁ ላይ የፊቱን ወንበር ካገኘህ ደግሞ የቱሪስት አውቶብስ ለምን ይከፈላል? ናሽናል ጋለሪና ቴት ሞደርን የሚባሉት የሥዕል ሙዚየሞችም በነጻ ገብቼ እግሬ እስኪዝል ዞርኩ። ፕሪምሮዝ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ወጥቼ ከተማውን ቁልቁል አየሁ፣ እንጦጦን ለለመደ ሰው ግን ዳገት አይባልም።

ዌስትሚንስተር አቤይ የሚባለው ትልቅ ቤተክርስቲያን ቀን ለመጎብኘት ወደ 30 ፓውንድ ይጠይቃል፣ ለሰርክ ጸሎት ግን አይከፈልም። 11 ሰዓት ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። መዘምራን ልጆቹ መዘመር ሲጀምሩ ቋንቋው ባይገባኝም እናቴ አጠገቤ ያለች መሰለኝ፣ ከበሮ የለ ጽናጽል የለ፣ ግን ጸሎት መሆኑ ያስታውቃል።

ብሪትሽ ሙዚየምም ነጻ ነው። እዛ ግን ብዙ አልቆየሁም። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦቶቻችን እዛ ቤት እጅ ናቸው፣ ለእይታ አይቀርቡም፣ እንኳንም አልቀረቡ፣ ግን መኖራቸውን እያወቅኩ የግብጽን ሐውልት ፎቶ ማንሳት አልሆነልኝም።

ሁለተኛው ቀን አርብ ነበር፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አርብ አርብ በኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 4 ሰዓት ይከፈታል። የሄድኩት እዛ ያለውን የኛን የወርቅ ዘውድ ለማየት ነው። ዘውዱ የመቅደላ ነው፣ 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሰዉ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው። እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ የተሠራ ነው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት እንደሆነ ይታመናል። መስታወቱ ላይ ተጠግቼ ሳየው ወርቁ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ፣ ዙሪያውን ሐዋርያት የተቀረጹበት፣ ፊታቸው ልክ የኛ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዳሉት ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ጎንደር እቴጌይቱ ያሠሩት ቁስቋም ሄጄ ፍርስራሹ መሀል ቆሜ አውቃለሁ። ግድግዳው እዛ ዘውዱ እዚህ። ሰው እየመጣ አስር ሴኮንድ አይቶ ያልፋል፣ እኔ ግን መንቀሳቀስ አቃተኝ።

አንዲት ጥበቃ ትልቅ ሴትዮ ሲያዩኝ ቆይተው ታጣፊ ወንበር ይዘውልኝ መጡ። "ወንድሜ ቁጭ በል፣ ከየት ነህ?" አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ዘውዱንም እኔንም አዩና እሳቸው የጋና ሰው እንደሆኑ ነገሩኝ። እንግሊዞች ከጋና የዘረፉት የአሻንቲ ነገሥታት ወርቅም እዚህ ነበር፣ እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ወደ ከተማቸው ኩማሲ ሄዷል፣ ግን በውሰት ነው። "የራሳችንን አዋሱን" ሲሉኝ ድምጻቸው ተሰበረ። ለኛም እኮ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ ያው ውሰት ነው የቀረበልን። የራስን ዕቃ ማን ይዋሳል? ይመለስ ነው የምንለው፣ ይመለስ።

ሊዘጋ ሲል ወንበሩን አጥፌ መለስኩላቸው። "ነገም ና፣ አይከፈልም" አሉኝ። ነገ በረራ ነበረኝ።