ላይኛው ፎቅ ላይ ለምን ይብሳል?

ታኅሣሥ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ ሲወዛወዝ ልጆቹን ይዘን በደረጃው ወረድን። ምድር ላይ ያሉት እማማ ግን ቡና እየቆሉ "ምን ሆናችሁ ነው ልጆች?" አሉን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ቀርፋፋ፣ ማለትም ቀስ እያለ የሚወዘውዝ፣ የመሬት ሞገድ አጭሩን ቤት ብዙም አይነካውም፤ ረጅሙን ግን ከራሱ ምት ጋር ከገጠመ እንደ ዥዋዥዌ እየገፋ ያጦዘዋል፤ ውዝዋዜውም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓኑ መንቀጥቀጥ ጊዜ 700 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ባለችው ኦሳካ፣ 256 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ 10 ደቂቃ ያህል ተወዛውዟል። ጃፓኖች ከ2023 ጀምሮ ይህንንም በቅድመ ማስጠንቀቂያቸው አስገብተውታል፤ ቀርፋፋው ሞገድ እስኪደርስ ሊፍት ለማቆም ጊዜ ይገኛል። መሐል ከተማ ላሉት ሰማይ ጠቀሶችስ ንዝረት የሚለይ ሴንሰር ቢገጠምላቸው ምን አለበት?