8 አውንስ አንድ ኩባያ አይደለም

የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሷታል። ትናንት ማታ ደውላ ስለ ሥራ ስንጫወት፣ «አክስቴ፣ ወጥ ቤት ከተገኘማ ምን ችግር አለው? ፓስታ መቀቀል ማንን ያቅተዋል?» አለችኝ። እኔም ስመጣ ያልኩት ይህንኑ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ጻፍኩት።

አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ገባሁ። አገሬ ሳለሁ የ200 ሰው ድግስ ወጥ አውጥቻለሁ። ሽንኩርቱን በዓይኔ፣ ጨውን በእጄ እየለካሁ። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። እሱንና የአሜሪካኖቹን መለኪያ ለመረዳት ማታ ማታ ቁጭ ብዬ አጠናሁ። 1 ፓውንድ 16 አውንስ ነው። 1 ኩባያ 8 አውንስ ነው። በቃሌ ያዝኩት። ሦስት ሳምንት ወተቱንም ሾርባውንም በዚህ ሂሳብ ሠራሁ። አንድም ቀን አልተበላሸብኝም።

አንድ ማክሰኞ ወረቀቱ «የእንቁላል ኑድል፣ 5 ፓውንድ፣ ለ40 ሰው» ይላል። በእንቁላል የተቦካ ፓስታ ማለት ነው። 5 ፓውንድ 80 አውንስ ነው። ለ8 ሲካፈል 10 ኩባያ። ሰፍሬ ቀቀልኩ።

ድስቱን ሳየው ዓይኔ «ያንሳል» ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን አምኜ ዓይኔን ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ስድስት ሳህን ሞላን። ሰባተኛው ላይ አለቀ። 33 አዛውንት ገበታ ቀርበው ይጠብቃሉ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰዎች ሹካ ይዘው ወደ እኔ ሲያዩኝ ምን እንደተሰማኝ አገር ቤት ያደገ ያውቀዋል። አዲስ ውሃ እስኪፈላ፣ ኑድሉ እስኪበስል ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ኃላፊዋ አልጮኸችብኝም። ሚዛን አመጣች። አንድ ኩባያ ደረቅ ኑድል ጨመረችበትና ሁሉም ባሉበት «አንብቢው» አለችኝ። 1.3 አውንስ። እንደ ልጅ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ሰጥተዋል። አንደኛው አውንስ ክብደት ነው፣ 28 ግራም። ሌላኛው የፈሳሽ ልክ ነው፣ ኩባያው የሚይዘው 8 የሚባለው እሱ ነው። ውሃና ወተት ላይ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ስህተቱ አይታወቅም። ሦስት ሳምንት የሸፈነልኝ ወተት ነው። የእንቁላል ኑድል ግን ጥቅልል ነው፤ ኩባያው ውስጥ የሚበዛው አየር ነው። የእኔ 10 ኩባያ 1 ፓውንድ እንኳ አልሞላም።

እኛም ብንሆን ሁሉን በጣሳ በእፍኝ ስንል ኖረን ቁጥር ሲመጣ እንደነግጣለን። ግን አንድ ጣሳ ፈንዲሻና አንድ ጣሳ በቆሎ እኩል እንደማይመዝኑ የማያውቅ ማን አለ? እኔም አውቅ ነበር። እንግሊዝኛው ውስጥ ጠፋብኝ።

ወጥ ቤት ልትገቡ የምታስቡ፣ ይህንን ያዙ። ፓውንድ ካያችሁ ኩባያ አታንሱ፣ ሚዛን አምጡ። ደረቅ ፓስታ ለአንድ ሰው 2 አውንስ፣ 56 ግራም ገደማ ነው። ትንንሹ ጎባጣ መኮሮኒ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ይሆናል፤ ሲቀቀል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ኩባያ ሲል ደረቁን ነው የተቀቀለውን ብላችሁ ጠይቁ። ስፓጌቲ በኩባያ አይሰፈርም። ጭብጡ የአሜሪካዋን 25 ሳንቲም ክብ ካከለ ለአንድ ሰው ነው። ግራምና አውንስ የሚያቀያይር ቁልፍ ያለው ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዙ፤ ውድ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለልጅቷ መልሼ ደወልኩላት። «ሰፈራችሁ ሱቅ ሂጂና በአንዱ ኩባያ መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ መኮሮኒ አስመዝኚ» አልኳት። «ባለሱቁ ምን ይለኛል?» ብላ ሳቀች። «ይበልሽ» አልኳት። ማታ ቁጥሩን እጠብቃለሁ።