ፖርሽን (የዓመቱ የትምህርት ይዘት) ሳይጓደል ልጆቹን ማንቃት

የከሰዓት ፈረቃ የምታስተምሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የመጋቢት የባሕር ዳር ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል፣ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ተጣበዋል፣ እናንተ ደግሞ ጠመኔ ይዛችሁ ኖት ልትጽፉ ነው። በዚህ ሰዓት ልጅ ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። የሥራ ባልደረቦቼ «እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዣቸው?» ሲሉኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ዕቅድ ሳወጣ መጀመሪያ የማስበው ልጆቹ በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ ነው፤ የእኔ ንግግር ኋላ ይደርሳል።

የዕቅድ ቅጹ ላይ የመምህሩ ተግባርና የተማሪዎች ተግባር የሚሉ ቦታዎች አሉ አይደል? የመምህሩን እንሞላዋለን፣ የተማሪዎቹ ጋ ስንደርስ «ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ» ብለን እናልፋለን። እኔ ከተማሪዎቹ ነው የምጀምረው። እዚያ የሚጻፍ ነገር ካጣሁ ትምህርቱ ገና አልታቀደም ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የካርታ ስኬል ሳስተምር የመጽሐፉን ትርጉም አላስቀድምም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፦ ጣና በጣም በሚጠልቅበት ቦታ ስንት ሜትር ይሆናል? ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። መጻፉ ግዴታ ነው። በቃል ከሆነ ሁለት ሦስት ጎበዞች ይመልሱና ሌላው ይገላገላል። ቁጥር የጻፈ ልጅ ግን ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ ስለሚፈልግ ጆሮውን ይሰጣችኋል።

እዚህ ከተማ ያደገ ልጅ ስለ ጣና የሚለው አያጣም። አንዱ 100 ሜትር ይላል፣ ሌላው 1000፣ አንዷ ደግሞ «አያቴ መጨረሻ የለውም ብላኛለች» ብላ ትሟገታለች። ይሟገቱ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ምክንያታቸውን ጠይቋቸው።

ከዚያ እነግራቸዋለሁ፦ 14 ሜትር ገደማ። ክፍሉ ይንጫጫል። «ቲቸር፣ አይሆንም!» የሚል አይጠፋም። ጂ ፕላስ 5 ሕንፃ እዚያ ቢቆም አናቱ ከውኃ በላይ ይቀራል ስላቸው ደግሞ የባሰ ይጮሃሉ።

ስኬሉ የሚገባው አሁን ነው። የሐይቁ ርዝመት ወደ 84 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ብንወክለው፣ ማለትም 1፡100,000፣ ሰሌዳው ላይ የ84 ሴንቲ ሜትር መስመር ይሆናል። አንድ ልጅ ወጥቶ በሰሌዳው ማስመሪያ ያሰምረዋል። «በሉ ጥልቀቱን በዚያው ስኬል አውርዱልኝ» እላለሁ። ዴስክ በዴስክ ያሰላሉ፤ ዴስኩ ላይ ካሉት ሦስቱ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያርማል፣ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ስድስት ሰባት ሆነው ሲደራጁ አንድ ልጅ ሠርቶ ሌላው ያያል፣ ስለዚህ ሦስት ለእኔ በቂ ነው። መልሱ 0.14 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ጠመኔ የያዘው ልጅ ሊሥለው ይሞክራል፣ አይሆንለትም። የጠመኔው መስመር ራሱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ብንለው ከሐይቁ ጥልቀት ከ10 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ልጆቹ ያቺን ነጭ መስመር ትክ ብለው ያዩዋታል፤ ጣና እኮ ነው፣ በየቀኑ ዳር ዳሩን የሚሄዱበት። ከዚህ በኋላ ስኬል ምን እንደሆነ ማስረዳት አይከብድም።

ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፣ ጥያቄው ከእነሱ ይነሳል። ይሄን ያህል ስስ ከሆነ ለምን አይደርቅም? ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ስለሚገቡበት፤ ዓባይ ቢወጣበትም፣ ፀሐይም ብዙ ውኃ ብታተንበትም። ነፋስ ሲነሳ ለምን ይደፈርሳል? ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ የታች ደለሉን ይቀሰቅሰዋል። ሒሳብ ብዬ የገባሁት ክፍል ጂኦግራፊ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ እኔም አልከለክልም።

ሳይንስ የሚያስተምር ባልደረባዬ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ደንገል ቆርጦ ይመጣል። አገዳው ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ። ልጆቹ በባልዲ ውኃ ውስጥ ደፍቀው ሲጨምቁት አየሩ አረፋ እየሆነ ይወጣል። የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የደንገል ታንኳ ነጂው ከውኃ ሲወጣ ታንኳውን ዳር ላይ አቁሞ የሚያደርቀው ለምንድን ነው? የመንሳፈፍን ሕግ ከዚያ ተነስተው ራሳቸው ይደርሱበታል። ላቦራቶሪ የለንም ለሚል መምህር ይህን ባሳየው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ጨዋታ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ልጆቹ አጨብጭበው፣ ዘፍነው፣ ስቀው ወጥተው ምን ተማራችሁ ሲባሉ መልስ ካጡ ክፍለ ጊዜው ባክኗል። ልጁ ማሰብ አለበት፤ መሳቁ ከመጣ እሰየው።

«ፖርሽን አያልቅም» የሚለውን ስጋት እረዳዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን 40 ደቂቃ ውስጥ ግማሹን የሚበላው ኖት መገልበጥ ነው። ኖቱን አሳጥሩት። ደግሞ ሁሉንም ክፍለ ጊዜ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ከየምዕራፉ ልጆቹን በጣም የሚያስቸግረውን አንድ ነገር ምረጡና ለእሱ ልፉበት፣ ሌላውን በተለመደው መንገድ ሂዱበት።

መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ አስቀራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይሰጠኛል፣ ማታ ቤት አነባቸዋለሁ፣ የሚቀጥለውን ዕቅድ የምጀምረውም ከእነሱ በአንዱ ነው። የሰሞኑ ምርጫዬ ይኸው፦ «የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከሆነ ከጣና ጥልቀት ስንት እጥፍ ነው?» ሰኞ ሬሾ የምንጀምረው በዚህ ነው።